ወደ ባሌ ተራሮች የትኛውን ሌንስ ይዞ መውጣት ይሻላል?

ካሜራ ይዞ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሚወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ የረጅም ርቀት ሌንሱ ጉዳይ ነው። ባለፈው ጥር ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ለአምስት ቀናት ወደዚያ ስንጓዝ ይህን ጥያቄ ሁለታችንም በተለያየ መንገድ መልሰነው ነበር። እኔ ካኖን ኢኦኤስ አር 7 ካሜራን ከአርኤፍ 100-400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ያዝኩ፤ እሱ ደግሞ ሶኒ ኤ7 ፎር ካሜራን ከ200-600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ተከራይቶ መጣ። መንገድ ላይ፣ በእግርም ሆነ በመኪና ስንሄድ፣ ካሜራዎቹን እየተቀያየርን ስለሠራንባቸው ይህ ግምገማ ሁለቱንም ይመለከታል። መመዘኛዬም የዕቃው ዝርዝር ወረቀት ሳይሆን ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘንና የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ የሆነው የሳነቴ አምባ ናቸው።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። 600 ከ400 ስለሚበልጥ የሶኒው ሌንስ እንስሳውን በጣም አቅርቦ የሚያሳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የአር 7 ሰንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ኤ7 ፎር ካለው ሙሉ ሰንሰር ያነሰ በመሆኑ የምስሉ ስፋት በ1.6 እጥፍ ይጠባል፤ ስለዚህ 400 ሚሊ ሜትሩ በሙሉ ሰንሰር ላይ 640 ሚሊ ሜትር የሚሰጠውን ያህል አቅርቦ ያሳያል። የአር 7 ሰንሰር 32.5 ሜጋፒክስል፣ የኤ7 ፎር ሰንሰር ደግሞ 33 ሜጋፒክስል ስለሆነ፣ ከአንድ ቦታ ቆመን አንድ ቀበሮ ብናነሳ በሁለቱም ምስሎች ላይ ቀበሮው የሚይዘው ቦታም ሆነ የሚያርፍበት የፒክስል ብዛት ተቀራራቢ ነው። በርቀት ረገድ እንግዲህ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ልዩነቱ ያለው በክብደቱና በሚያስገቡት ብርሃን ላይ ነው።

ክብደቱን በቁጥር ላስቀምጠው። አር 7 ከባትሪውና ከካርዱ ጋር 612 ግራም፣ ሌንሱ ደግሞ 635 ግራም ይመዝናሉ፤ ሁለቱ ተደምረው 1.25 ኪሎ ግራም ገደማ ናቸው። የሶኒው ሌንስ ብቻውን የትራይፖድ መያዣ ቀለበቱ ሳይጨመር 2,115 ግራም ሲሆን፣ ካሜራው 658 ግራም ሲደመርበት 2.8 ኪሎ ግራም ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሲያነሱት ይህ ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቅም። የሳነቴ አምባ ግን 4,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍታ ያለው ነው፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ላይ ሃምሳ እርምጃ ዳገት ከወጡ በኋላ ልብ እየደለቀና ትንፋሽ እየቆራረጠ ካሜራውን ወደ ዓይን ማንሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባልንጀራዬ በሁለተኛው ቀን ሌንሱን ቦርሳው ውስጥ አድርጎ መሄድ ጀመረ፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ሌንስ ደግሞ ድንገት ከጓሳው መሐል ብድግ ለሚል እንስሳ አይደርስም። የእኔው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚውል በእግር በሄድንባቸው ሰዓታት ያገኘኋቸው ምስሎች ከእሱ በግልጽ ይበልጡ ነበር።

ብርሃንን በተመለከተ ግን ሚዛኑ ወደ ሶኒው ያጋድላል፤ ይህንንም ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። የካኖኑ ሌንስ 400 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ ከኤፍ 8 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። የሶኒው በ600 ሚሊ ሜትር ኤፍ 6.3 ይሰጣል። በዚህ ላይ ሰንሰሩ ትልቅ በመሆኑ በጠቅላላው የሚሰበስበው ብርሃን የካኖኑን አራት እጥፍ ያህላል። እኩለ ቀን ላይ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ጎህ ሲቀድ ግን ሁሉን ይወስናል።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከጎባ ገና ሳይነጋ ተነስተን ዳገቱን ስንጨርስ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ደመናው ፀሐይዋን እንደሸፈናት፣ ከመንገዱ በስተግራ አርባ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ቀይ ቀበሮ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቶ ሲመጣ አየነው። ወጣቱ ሹፌራችን በሹክሹክታ፣ "ጋሼ፣ ሞተሩን ላጥፋው?" አለኝ፤ አጠፋው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በጣም አስፈላጊ ነው፤ የሞተሩ ንዝረት በመኪናው በር በኩል አልፎ ሌንሱን ያንቀጠቅጠዋልና። ቀበሮው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፊቱ ባለው ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ትልቅ ፍልፈል ጭንቅላቱንና ትከሻውን ብቻ አውጥቶ ዙሪያውን ያለውን ሣር ወደ ውስጥ ይስብ ነበር። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ውጭ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ፣ ለቀበሮውም ዋና ምግቡ የሆነ እንስሳ ነው። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ሁለት እርምጃ ተሳበ፤ ከዚያ ዘለለ።

ዝላዩን ለመያዝ የአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ፍጥነት ያስፈልጋል። በእኔ ካሜራ በኤፍ 8 ይህን ፍጥነት ለማግኘት አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን፣ እስከ 6400 ማውጣት ነበረብኝ። የባልንጀራዬ በ4000 ሠራለት። ቤት ገብተን ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ስናያቸው፣ በእሱ ምስል ላይ የቀበሮው የጉሮሮ ነጭ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል፤ በእኔው ላይ ግን በአሸዋ መሰል ነጠብጣብ ተሸፍኖ በሶፍትዌር ማጽዳት ግድ ሆኖብኛል። ካጸዳሁት በኋላ በስልክም ሆነ በአነስተኛ ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ሕትመት ለሚፈልግ ግን ይታያል። የምስል ማረጋጊያው ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። ማረጋጊያ የሚያርመው የእጃችንን መንቀጥቀጥ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አይደለም፤ በርካታ ጀማሪዎች ይህን ሳያውቁ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው የደበዘዘ ምስል ይዘው ይመለሳሉ። በእኛ አካባቢ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን ፀሐይ ስትወጣ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ፣ ደመና በሌለበት ቀን ያ የደበዘዘ ብርሃን የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። የኤፍ 8 ሌንስ ድክመትም የሚጎላው በዚያች አጭር ጊዜና በደመናማ ጧት ነው።

ፎከሱን በሚመለከት ሁለቱም ካሜራዎች የእንስሳ ዓይን ፈልገው ይይዛሉ። አር 7 ለመለየት ከተዘጋጀላቸው እንስሳት መካከል ውሻ ስላለበት፣ በመልክና በቅርጽ ለውሻ የሚቀርበውን ቀይ ቀበሮ ያለችግር ያውቀዋል። ነገር ግን እንስሳው ጓሳ ውስጥ ተኝቶ ሣሩ ፊቱን ሲከልለው ማንኛውም ካሜራ ቢሆን ሣሩን ሊይዝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የፎከሱን ነጥብ ወደ ትንሿ ነጠላ ነጥብ መቀየር ይበጃል። ከዚህ ሌላ የአር 7 ድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ሰንሰሩን የሚያነበው ቀስ ብሎ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የሚሮጥ እንስሳ እግር ወይም የሚበር ወፍ ክንፍ ተጣሞ እንዳይወጣ ሜካኒካሉን ሹተር መጠቀም የተሻለ ነው። በዚያውም በሰከንድ 15 ምስል ያነሳል፤ ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በአንድ ነገር ላይ ትልቅ ሌንስም ትንሽ ሌንስም እኩል ናቸው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ከሜዳው የሚነሳው የጋለ አየር እንደ ውኃ እየተንቀጠቀጠ በሩቅ ያለውን ሁሉ ያደበዝዛል። በዚያ ሰዓት መቶና ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ያለ ቀበሮን ማንሳት ድካም ብቻ ነው፤ ሌንሱ በረዘመ ቁጥር የሚያቀርበው እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የአየሩንም መንቀጥቀጥ ነው። መፍትሔው መቅረብ ነው፤ መቅረብ ማለት ግን ከመንገድ ወጥቶ በመኪና መከተል አይደለም። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ያለው እዚሁ ባሌ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆሞ እንስሳው ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀበሮው በቀን የሚያድን እንስሳ ስለሆነ ታግሦ የጠበቀ ሰው የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው። ሌላም ብልሃት አለ። ሲነጋ የመኪናውን መስኮት አስቀድሞ ከፍቶ ውስጡን ማቀዝቀዝ ይገባል፤ አለበለዚያ ከመኪናው የሚወጣው ሞቃት አየር በሌንሱ ፊት እያለፈ ያንኑ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ የሚያልፍ የኮረት መንገድ በመሆኑ አቧራው ብዙ ነው። የሶኒው ሌንስ ዙም ሲደረግ ርዝመቱ አይለወጥም፤ ከአቧራና ከእርጥበት የሚከላከል መታሸጊያም አለው። የካኖኑ 100-400 ግን ዙም ሲደረግ ወደ ፊት የሚወጣ፣ መታሸጊያ የሌለው ሌንስ ነው፤ የፀሐይ መከለያውም ከሌንሱ ጋር አብሮ አይመጣም፣ ለብቻው ይገዛል። በዚህ ረገድ ካኖን መከለያውን ከሳጥኑ ውስጥ ማስቀረቱ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ በደጋ ፀሐይ መከለያ የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ ነውና። እኔ ሌንሱን በመኪና ውስጥ በነጠላ ጠቅልዬ እይዘው ነበር፤ ዝናብ ለሚዘንብበት ወር ግን ይህ አይበቃም።

ለቅርብ ነገሮች ትንሹ ሌንስ ያላሰብኩትን ያህል ጠቅሞኛል። በ400 ሚሊ ሜትር ሆኖ እስከ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ስለሚያደርግ፣ በጅብራው ቅጠል ላይ የተጋገረውን አመዳይና በድንጋይ ላይ የበቀለውን ሽበት (ላይከን) ያንኑ ሌንስ ይዤ አነሳሁ። የሶኒው ቢያንስ 2.4 ሜትር መራቅን ይጠይቃል።

ከሳነቴ ወርዶ ዲንሾ ሲገቡ ነገሩ ይለወጣል። በፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን ሰውን ስለለመደ ሃያ ሜትር ድረስ ሳይደነግጥ ያስጠጋል። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ግርማ ያለው እንስሳ በሳይንስ የተመዘገበው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች መካከልም በመጨረሻ የታወቀው እሱ ነው። ወንዱ ቀንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ዛፎቹ መሐል ሲቆም ለሶኒው 200 ሚሊ ሜትር ከሚገባው በላይ ቅርብ ሆኖበት ባልንጀራዬ ወደ ኋላ እየሸሸ ነበር የሚያነሳው። የእኔው ከ100 ስለሚጀምር እንስሳውን ከነአካባቢው አስገብቶልኛል። ለአጋዘኑ ከሆነ እንዲያውም በየሠርጉ የምናየው የካኖን 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ይበቃል፤ እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ውስጥ ለኪራይ በቀላሉ የሚገኘውም ይኸው የሠርግ ዕቃ ነው። ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ትውልድ የያዘ ሰው የሌንሱን ርዝመት በእጥፍ የሚጨምረውን የካኖን ማስረዘሚያ ቢያክልበት 400 ሚሊ ሜትር በኤፍ 5.6 ያገኛል፤ በማገናኛም አር 7 ላይ ይሠራል። የጥራቱ መጠን ትንሽ ቢቀንስም አዲስ ሌንስ መግዛት ለማይችል ይህ የምመክረው መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ስሌት ስሜን ተራሮች ላይ አይሠራም። ጭላዳዎቹ በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ሰው አጠገባቸው ሲያልፍ ግድ ስለሌላቸው፣ እዚያ ዋናው መሣሪያ አጭር ሌንስ ነው፤ ረጅሙ የሚያስፈልገው ገደል ላይ ለሚቆመው ዋልያ ነው።

ለመልክዓ ምድሩ አርኤፍ-ኤስ 10-18 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ነበር፤ ክብደቱ 150 ግራም ብቻ ስለሆነ መያዙ እንኳ አይታወቅም። የጅብራውን ግንድ ከሥር ሆኖ ከሰማዩ ጋር ለማንሳት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሆኖም ከጉዞው ስመለስ የወደድኳቸው አብዛኞቹ የመልክዓ ምድር ምስሎች በ10-18 ሳይሆን በዚያው በ100-400 የተነሱ ናቸው። ከሳነቴ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ሲታይ ጉሙ ከደኑ ላይ እየተነሳ ሸንተረሮቹን አንዱን ከአንዱ ይለያቸዋል፤ ሰፊ ሌንስ ይህን ሁሉ ቀጭን መስመር አድርጎ ያሳንሰዋል፣ ረጅሙ ግን ሸንተረሮቹን ደርቦና አቅርቦ ያሳያል። መልክዓ ምድር ማለት ሰፊ ሌንስ ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለደጋ አምባ አይስማማም።

ትራይፖዱ የተከራየሁት ነበር፤ ከየት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ላይ በንጋት ነፋስ አቁሜው ሳለ የአንደኛው እግር መቆለፊያ እየሸሸ ዝቅ ስለሚል ፀሐይዋ ብቅ ያለችባቸውን ደቂቃዎች እሱን በማጥበቅ አሳለፍኳቸው። ጥፋቱ የእኔም ጭምር ነው፤ ስረከብ እግሮቹን ሁሉ ዘርግቼ በሙሉ ክብደቴ አልተጫንኳቸውም። ትራይፖድ የሚከራይ ሰው ይህን ሱቁ ውስጥ ሳያደርግ እንዳይወጣ እለምነዋለሁ። ቦርሳን ከመሐሉ ማንጠልጠል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቦርሳው መሬት ነክቶ ካልተቀመጠ በነፋስ እየተወዛወዘ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል። ለመኪና መስኮት ደግሞ ከማንኛውም ትራይፖድ የሚበልጠው ከረጢት ነው። ከሮቤ ገበያ ሁለት ኪሎ ሽምብራ ገዝተን በጨርቅ ከረጢት ሰፋነውና በሩ ላይ አጋደምነው፤ ሌንሱ ሲጫነው ሽምብራው በቅርጹ ልክ ይጎደጉድለትና አቅፎ ይይዘዋል። ከባዱ የሶኒ ሌንስ ሙሉ ለሙሉ የተመቸውም በዚህ ከረጢት ላይ ነበር። ከመኪና ሳይወርድ ለሚያነሳ ሰው ክብደት ችግር መሆኑ ይቀራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጓዥ ያለ ማመንታት 200-600ውን እመርጥለታለሁ።

ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት በዚያ ቦታ ሦስት ባትሪ ይዤ፣ ሁለቱን ሁልጊዜ በውስጥ ኪሴ ከገላዬ አስጠግቼ እይዛቸው ነበር፤ አለቀ ያለኝ ባትሪም ሲሞቅ ጥቂት ምስል ይጨምርልኛል። አር 7 በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞላ ከጎባ ወጥተን መብራት በሌለበት ቦታ ስንውል ከፓወር ባንክ ሞልቼዋለሁ። ማታ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ካሜራውን ከነሌንሱ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ ማቆየት ይገባል፤ ጤዛው ከሌንሱ ይልቅ በከረጢቱ ላይ ያርፋል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የካኖኑ 100-400 ሌንስ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 649 ዶላር ነበር፤ የሶኒው 200-600 በ2019 እ.ኤ.አ. በ1,998 ዶላር ቀርቧል። መካከለኛ የሚፈልግ ካለ የካኖን አርኤፍ 100-500 አለ፤ ታሽጓል፣ ያለ ትራይፖድ መያዣው 1,365 ግራም ይመዝናል፤ ነገር ግን ሲወጣ 2,699 ዶላር ስለነበር ከሁለቱም የሚወደደው እሱ ነው። ከውጭ ዘመድ ያለው ሰው ሻንጣ ውስጥ በቀላሉ የሚላክለት ትንሹ ሌንስ መሆኑም አንድ ጥቅም ነው። በእግሬ ለምሄድ ለእኔ፣ በዚህ ዋጋና በዚህ ክብደት፣ 100-400 ትክክለኛው ምርጫ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ የጧቷን ግማሽ ሰዓት እያጣሁም ቢሆን።

በመጨረሻው ቀን ወደ ሐረና ደን ስንወርድ ግን ሁለቱም ሌንሶች ሥራ አጡ። ሽበት የተንዠረገገባቸው ትልልቅ የኮሶ ዛፎች ሰማዩን ስለሸፈኑት ውስጡ በቀን እንደ ምሽት ነው፤ ኤፍ 8 እና ኤፍ 6.3 እዚያ አይበቁም። ቦርሳዬ ጥግ ላይ የረሳሁትን 160 ግራም የሚመዝነውን አርኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አወጣሁና ከሪራ በታች ባለው መንገድ ዳር፣ ጉም በዛፎቹ መሐል እየገባ ሳለ፣ አንዲት እንጨት የተሸከመች ፈረስ ከነባለቤቷ ብቅ ስትል ከጉዞው ሁሉ የምወደውን ምስል በእሱ አነሳሁ።